አጥንት ሲመሰክር፤ የክላይድ ስኖው ሥራና ጽሑፎች ሲመረመሩ

በአገራችን ልማድ ሰው ሲሞት ነገሩ ሁሉ አበቃ አይባልም። ሟች ወግ አለው። ይታጠባል፣ ይገነዛል፣ አፈር ይለብሳል፤ ከዚያም በኋላ ክርስቲያኑ ተዝካሩን፣ ሙስሊሙ ሰደቃውን ያወጣለታል። በይፋት ቆላ፣ ከሸዋ ሮቢት እስከ ማጀቴ ባለው አገር፣ ሁለቱ ሃይማኖቶች ጎን ለጎን ስለሚኖሩ የአንዱን ለቅሶ ሌላው ይደርሳል። ሰው በሩቅ አገር የሞተ እንደ ሆነ መርዶው በማለዳ ይነገራል፤ ልብሱ ወጥቶ ይለቀስበታል። ይህ ሁሉ ሲፈጸም ቤተ ሰቡ «እርሙን አወጣ» ይባላል። ነገር ግን መሞቱ ላልተረጋገጠ፣ መቃብሩም ላልታወቀ ሰው እርም አይወጣለትም። ገዳዩ ሳይታወቅ የቀረ እንደ ሆነ ደግሞ ደሙ ደመ ከልብ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ ሁለት ዕዳ አለ ማለት ነው፤ አንደኛው ለቤተ ሰብ የሚከፈል የእርም ዕዳ፣ ሁለተኛው በዳኛ ፊት የሚከፈል የደም ዕዳ።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አሜሪካዊው ሊቅ ክላይድ ኮሊንስ ስኖው የዕድሜውን ሁለተኛ እኩሌታ ያሳለፈው እነዚህን ሁለት ዕዳዎች በማስከፈል ነው። ስሙ በኛ አገር ብዙ አይታወቅም፤ ይሁን እንጂ ያሠለጠናቸው ወጣቶች መሬታችንን ቆፍረዋል፣ የወገኖቻችንን አጥንት አንሥተዋል፣ ያገኙትንም ለሕግ ሰዎች አስረክበዋል። ስለዚህ ሥራውንና ጽሑፎቹን መመርመር ለእኛ የባዕድ ታሪክ ማጥናት ብቻ ሊሆን አይችልም። የምናነሣው ጥያቄ አንድ ነው። አጥንት ይመሰክራል ሲባል ምስክርነቱ የሚጸናው በምንድን ነው? በሊቁ ዓይንና ዝና ነው ወይስ በሌላ ነገር?

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገር ለአንባቢ እናሳስባለን። አንደኛ፣ የውጭ አገር ዓመታትን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር እንጽፋለን። ሁለተኛ፣ ስኖው በጥብቅ አነጋገር የአስከሬን ሐኪም አልነበረም። በፍርድ ጉዳይ አስከሬን የሚመረምር ሐኪም የሚያነበው ሥጋን ነው፤ ቁስልን፣ ደምን፣ ሳንባን፣ የጨጓራን ይዘት ያያል። ሥጋው ፈርሶ አጥንት ብቻ ሲቀር የሐኪሙ ዕውቀት እያጠረ ይሄዳል፤ በዚያን ጊዜ የሚጠራው የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂስት ነው። ሁለቱ በአንድ ገበታ ዙሪያ የሚሠሩ የአንድ ሙያ ወንድማማቾች ናቸው ብንል አልተሳሳትንም። የስኖውም ጽሑፎች በአንድ በኩል በአንትሮፖሎጂ፣ በሌላ በኩል በፍርድ ሕክምና መጽሔቶች የወጡት ስለዚህ ነው።

1. ሰውየውና ሙያው

ስኖው በ1928 በቴክሳስ ተወለደ። አባቱ የገጠር ሐኪም ነበር፤ ልጁም ከሕመምና ከሞት ጋር የተዋወቀው ገና በልጅነቱ ነው። ትምህርቱ ቀጥ ባለ መንገድ አልሄደም፤ አስቀድሞ የእንስሳትን ሳይንስ አጠና፤ በኋላም በ1967 ከአሪዞና ዩኒቨርሲቲ በአንትሮፖሎጂ የዶክትርና ማዕረግ አገኘ። የምርምሩ ርእስ የዝንጀሮ አካል አስተዳደግ ነበር። ከዝንጀሮ ወደ ሰው ፍርድ ቤት መሻገር እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን አጥንት በየትኛው ዕድሜ እንዴት እንደሚያድግ በልኬት ማወቅ ለኋላው ሥራው መሠረት እንደ ሆነ ግልጽ ነው።

በ1960 በኦክላሆማ ሲቲ በአሜሪካ መንግሥት የአቪዬሽን ሕክምና ምርምር ተቋም ተቀጥሮ እስከ 1979 ድረስ ሠራ። በዚያ ቤት ሥራው የተከሰከሱ አይሮፕላኖችን ተሳፋሪዎች ማጥናት ነበር። ማን ሞተ? ማን ተረፈ? የሞተውስ ለምን ሞተ? ከዚህ በኋላ ስሙን ያስጠሩ ሁለት ጉዳዮች ተከታትለው መጡ። አንደኛው በቺካጎ አጠገብ 33 ወጣቶችን ገድሎ የተያዘው የጆን ዌይን ጌሲ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው በ1979 እዚያው ቺካጎ ወድቆ 273 ሰዎች ያለቁበት የአይሮፕላን አደጋ ነው። በሁለቱም ስኖው ከጥርስ ሐኪሞችና ከአስከሬን መርማሪዎች ጋር ሆኖ ማንነታቸው ያልታወቀውን ሟቾች ለመለየት ደክሟል። በ1985 ደግሞ በብራዚል ከአንድ የመቃብር ስፍራ የወጣው አጽም የናዚው ሐኪም የዮሴፍ ሜንገሌ መሆን አለመሆኑን ለማጣራት ከሄዱት ሊቃውንት አንዱ ነበር። እነርሱ ከአጥንቱ ተነሥተው የደረሱበት ፍርድ በ1992 በዲኤንኤ ምርመራ ጸንቷል።

ጋዜጠኞች ስለ ስኖው ሲጽፉ በእነዚህ ጉዳዮች ላይ ይቆማሉ። ባርኔጣ ያጠለቀ፣ ቅል በእጁ ይዞ ምሥጢር የሚፈታ ጠቢብ አድርገው ይሥሉታል። እኛ ግን በዚህ ሥዕል አንረካም። ሥዕሉ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን የምስክርነቱ ጽናት ከሰውየው ብልኅነት የመጣ ያስመስላል። ጽሑፎቹን ያነበበ ሰው የሚያገኘው ከዚህ የተለየ ነው።

2. ጽሑፎቹ የሚያስተምሩት

ስኖው ስሙን የሚያስጠራ ታላቅ መጽሐፍ ጽፎ አልተወም። የተወው በየመጽሔቱና በየመንግሥት ሪፖርቱ የተበተኑ ጥናቶች ነው። ከነዚህ ሦስቱን ብቻ እናነሣለን።

የመጀመሪያው በ1970 ከሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር ያወጣው፣ ከተሳፋሪ አይሮፕላን በአደጋ ጊዜ ስለ ማምለጥ የሚናገረው ጥናት ነው። በዴንቨር በ1961፣ በሮም በ1964፣ በሶልት ሌክ ሲቲ በ1965 የደረሱ ሦስት አደጋዎችን ይመረምራል። የመረመረው ሬሳውን ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ተሳፋሪ የት ተቀምጦ እንደ ነበር፣ መውጫው ምን ያህል ይቀርበው እንደ ነበር፣ ዕድሜውና ጾታው ምን እንደ ሆነ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ከዚህ የምንማረው፣ የሙታን ምርመራ ዓላማው የሞተውን ለይቶ ማወቅ ብቻ ሳይሆን ነገ ሊሞት የሚችለውን ማዳን መሆኑን ነው። ይህ ጽሑፍ ከሁሉ ደረቁና ከሁሉ ያነሰ ዝና ያለው ነው፤ በእኛ አስተያየት ግን ከሁሉ የበለጠ የሰውየውን ጠባይ ይገልጻል።

ሁለተኛው በ1979 የታተመ ሲሆን፣ ከራስ ቅል ልኬት ተነሥቶ የሟቹን ጾታና ዘር ለማወቅ ጋይልስና ኤሊየት የተባሉ ሊቃውንት ያወጡትን የስሌት ቀመር በ52 የፍርድ ጉዳዮች ላይ ይፈትናል። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ስኖውና ባልደረቦቹ በሥራቸው ላይ የሚጠቀሙበትን መሣሪያ ራሱን ለፈተና አቀረቡት፤ ማንነቱ ኋላ ከታወቀ ሰው ጋር እያስተያዩ ቀመሩ የት እንደ ሠራ፣ የት እንደ ሳተ ጻፉ። በእጁ ያለውን ሚዛን መዝኖ የሚያሳይ ነጋዴ በገበያ ብዙ አይገኝም፤ በሊቃውንትም ዘንድ ብዙ አይገኝም።

ሦስተኛው በ1982 ስለ ፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ጠቅላላ ሁኔታ የጻፈው ሰፊ ግምገማ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሙያው ከየት እንደ ተነሣ፣ በምን ዘዴ እንደሚሠራ፣ በፍርድ ቤት ምን ስፍራ እንዳለው ያስረዳል። ስኖው የአንድን አጽም ጠቅላላ ንባብ የአጥንት የሕይወት ታሪክ ብሎ ይጠራው ነበር፤ ጾታን፣ ዕድሜን፣ ቁመትን፣ ቀኝ ወይም ግራ እጅ መጠቀምን፣ የቆየ ስብራትን፣ ሕመምን፣ በመጨረሻም የሞትን መንሥኤ የሚጨምር ማለት ነው።

የማጀቴ አገር ሰው ይህን ዓይነት ንባብ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈርሳ ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን ያቋቋሙት ካናዳዊው ካህን ፒየር ጉዌን በ1979 ባሳተሙት የኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ውስጥ የዚያን ጊዜው ጥፋት ተመዝግቦ ይገኛል። በእንደዚህ ያለው ጥናት የፈረሰ ግድግዳ፣ የተሰነጠቀ መሬት የኃይሉ ምስክር ሆኖ ይቈጠራል። ፍርስራሹን ያዩ ሁሉ ያለቅሱ ይሆናል፤ ነገር ግን ለሚቀጥለው ትውልድ የሚተርፈው የተለካውና የተጻፈው ነው። የስኖውም ጽሑፎች ሥር ይኸው ነው፤ ያልተለካና ያልተጻፈ አጥንት ቢያሳዝንም አይመሰክርም።

3. የአርጀንቲና ፍርድ ቤትና የአንዲት ወጣት አጽም

በአርጀንቲና ከ1976 እስከ 1983 የገዛው ወታደራዊ መንግሥት ብዙ ሺህ ሰዎችን ከየቤታቸው እየወሰደ አጥፍቷል። ከመንግሥቱ ውድቀት በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ወደ 9,000 የሚጠጉ የጠፉ ሰዎችን መዝግቧል፤ የሰብአዊ መብት ማኅበሮች ግን ቊጥሩን እስከ 30,000 ያደርሱታል። ሕዝቡ መቃብር መክፈት ሲጀምር ሥራው ያለ ዘዴ ሆነ። በአንዳንድ ስፍራ መቃብር በቡልዶዘር ተቆፈረ፤ የአንዱ አጥንት ከሌላው ተደባለቀ፤ ጥይትና ጥርስ በአፈር ውስጥ ቀረ። ስኖው በ1984 ከሌሎች ሊቃውንት ጋር ወደዚያ ሲሄድ ያገኘው ይህን ነው።

ያደረገውም ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ የመቃብር ቁፋሮ እንደ አርኬኦሎጂ በብሩሽና በማንኪያ፣ በፎቶግራፍና በልኬት እንዲካሄድ አደረገ። ሁለተኛ፣ የአገሩ ባለ ሙያዎች ለመርዳት ሲያመነቱ የአንትሮፖሎጂ፣ የአርኬኦሎጂና የሕክምና ተማሪዎችን ሰብስቦ አሠለጠነ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀው የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን የተመሠረተው በነዚህ ተማሪዎች ነው። እኛ የዚህን መጽሔት አንባቢዎች በተለይ የምንጠይቀው ይህን እንዲያስቡ ነው። እነዚያ መቃብር የከፈቱ ሰዎች የታወቁ ፕሮፌሰሮች አልነበሩም፤ በኛ ዕድሜ ያሉ፣ ፈተና የሚጠብቃቸው፣ ፍርሃትም ያላጡ ተማሪዎች ነበሩ።

በ1985 የወታደሮቹ መሪዎች ለፍርድ ሲቀርቡ ስኖው ምስክር ሆኖ ቆመ። ያቀረበውም የሊሊያና ፔሬይራን ጉዳይ ነው። ይህች ወጣት በ1977፣ በ21 ዓመቷ፣ ነፍሰ ጡር ሳለች ተወሰደች። ስኖው የአጽሟን ፎቶግራፍ በፍርድ ቤቱ ግድግዳ ላይ እያሳየ፣ ከቅርብ በተተኮሰ ጠመንጃ ጭንቅላቷን ተመትታ እንደ ሞተች አስረዳ። ደግሞም በዳሌዋ አጥንት ላይ ያለውን ምልክት ጠቅሶ ከመሞቷ በፊት እንደ ወለደች ተናገረ። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ወር ከዘጠኙ ተከሳሾች አምስቱ ተፈረደባቸው።

ይህ ምስክርነት በሙያው ታሪክ እንደ ታላቅ ድል ይጠቀሳል፤ ድልም ነው። ሆኖም የሒስ ጽሑፍ ድልን ለማወደስ ብቻ አይጻፍምና አንድ ነገር መለየት ይገባል። በዳሌ አጥንት ላይ የሚታየው ጎድጓዳ ምልክት መውለድን ያረጋግጣል የሚለው አስተሳሰብ ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ጥናቶች በብርቱ ተጠራጥሯል፤ ምልክቱ ባልወለዱ ሴቶች ሲገኝ፣ በወለዱትም ሲጠፋ ታይቷል። እንግዲያስ የስኖው ቃል በዚህ ምልክት ላይ ብቻ ቢቆም ኖሮ ደካማ በሆነ ነበር። ያጸናው ሌላ ነገር ነው። የጥርስ መዝገብ ማንነቷን አረጋግጧል፤ ከእስር ቤቱ በሕይወት የወጡ ሰዎችም ስለ መውለዷ መስክረዋል። በ2008 ደግሞ ልጇ በዘር ምርመራ ተለይቶ ታውቋል።

ከዚህ የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው። ስኖው በነገሩ እውነቱን አግኝቷል፤ ነገር ግን እውነቱ የጸናው አጥንቱ ለብቻው ስለ ተናገረ አይደለም። አጥንቱ፣ ጽሑፉና የሰው ቃል ሦስቱ ስለ ተስማሙ ነው። ብዙ አድናቂዎቹ «አጥንት አይዋሽም» በሚል አነጋገር ይደሰታሉ። አጥንት በርግጥ አይዋሽም፤ አንባቢው ግን ሊስት ይችላል። ሊስት የሚችል አንባቢ ያለው ምስክር ሌላ ምስክር ያስፈልገዋል።

4. በኢትዮጵያ

በአገራችን ወንጀለኛን ለማግኘት ጥንት የሚደረገው አውጫጪኝ ወይም አፈርሳታ ነበር። የአንድ አካባቢ ሕዝብ ይሰበሰባል፣ ይምላል፣ ጥፋተኛው እስኪወጣም ድረስ ከስብሰባው መቅረት አይቻልም። ይህ ሥርዐት ሙሉ በሙሉ በሰው ቃል ላይ የቆመ ነው። ቃሉ በፍርሃት፣ በዝምድና ወይም በቂም ሊጣመም ይችላል። ሆኖም ሕዝቡን ሁሉ የነገሩ ባለቤት ማድረጉ የሚናቅ አይደለም። በኋላ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐት ሕግ ሲወጣ ፖሊስ ተከሳሹን በሐኪም ማስመርመር እንዲችል ተደነገገ፤ ከቃል ወደ አካል መሸጋገር ማለት ነው። በአዲስ አበባም ለብዙ ዘመን የአስከሬን ምርመራ ሲነሣ አብሮ የሚነሣው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው።

ነገር ግን ሕግም ሐኪምም የማይደርሱበት ዘመን መጣ። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲሞቱ ለሕዝብ የተነገረው በሕመም እንደ ሞቱ ነበር፤ አስከሬናቸው አልታየም፣ መቃብራቸውም አልተነገረም። አጽማቸው በቤተ መንግሥቱ ግቢ የተገኘው ከደርግ ውድቀት በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው፤ በሥርዐት የተቀበሩትም በ1993 ዓ.ም. በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። ለዘውድ ባለቤት እንዲህ ከሆነ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ለወደቁት ወጣቶች ምን ሊደረግ ነበር? ከነዚያ ሙታን ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። አስከሬናቸው በአደባባይ ተጥሎ የታየ አሉ፤ ጨርሶ የት እንደ ገቡ ያልታወቀም አሉ። እናቶች እንዳያለቅሱ ተከለከሉ። ከላይ ያነሣነው የእርም ነገር እዚህ ላይ ሙሉ ክብደቱን ያገኛል።

በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቊጥር 22 የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ይህ ጽሕፈት ቤት የአርጀንቲናውን ቡድን ጠራ፤ የስኖው ደቀ መዛሙርትም መጥተው የጅምላ መቃብሮችን ቆፈሩ። ከተቆፈሩት አንዱ በአዲስ አበባ በኮተቤ የሚገኘው ነው። በዚያ በወጡት አጽሞች አንገት ላይ የናይለን ገመድ ተገኘ። ገመዱ ሞቱ በምን እንደ ነበር ይናገራል፤ የሞተው በታንቆ ነው፣ በተኩስ ልውውጥ አይደለም። በሌላ በኩል የደርግ መሥሪያ ቤቶች የእስርና የግድያ ትእዛዝ በጽሑፍ የመያዝ ልማድ ነበራቸውና ዐቃቤ ሕጉ እጅግ ብዙ ሰነድ አገኘ። ስለዚህ በአርጀንቲና ያየነው የሦስት ምስክሮች መስማማት በኛም አገር ተፈጽሟል፤ ፋይሉ ትእዛዙን፣ የተረፉት ሰዎች የዓይናቸውን፣ አፈሩም የደበቀውን ሰጠ። ክሱ ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. መሰማት ጀመረ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. የደርግ ሊቀ መንበርና ባልደረቦቹ በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኞች ተባሉ። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 281 የፖለቲካ ቡድንን ማጥፋትንም በዚህ ወንጀል ውስጥ ያገባ ስለ ነበር ነው። «እውነትና ንጋት እያደረ ይጠራል» የሚለው ያባቶች ቃል ተፈጸመ ማለት ይቻላል፤ ለመጥራት ግን ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጅቷል።

5. የሚጎድለው ምንድን ነው?

የስኖውን ሥራ በኢትዮጵያ ዓይን ስንመዝነው ሁለት ጉድለት እናያለን። ጉድለቱ የእርሱ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው እኛን የሚጠብቅ የቤት ሥራ ነው።

አንደኛው የልኬት ጉድለት ነው። ከጭን አጥንት ርዝመት የሰውን ቁመት ለማወቅ በሙያው ዘንድ ሲሠራበት የቆየው የትሮተርና የግሌዘር ቀመር የወጣው በሁለተኛው የዓለም ጦርነትና በኮሪያ ከሞቱ አሜሪካውያን ወታደሮች አጥንት ነው። ስኖው የፈተነው የራስ ቅል ቀመርም መሠረቱ በአሜሪካ ቤተ ሙከራዎች የተሰበሰበ አጽም ነው። እነዚህን መለኪያዎች በይፋት ቆላ ላደገ፣ በልጅነቱ ወባና ረኀብ ላየ፣ በዐሥር ዓመቱ እንጨት ለተሸከመ ሰው እንዳሉ ማዋል ይቻላልን? ስኖው ራሱ በ1979ኙ ጽሑፉ ቀመር ሁሉ በሚሠራበት ሕዝብ ላይ ሊፈተን እንደሚገባው በተግባር አስተምሯል። ትምህርቱን ተቀብለን የራሳችንን ሕዝብ ልኬት በራሳችን ካላዘጋጀን ግን የተውሶ ቁና ይዘን እህል እንደ መስፈር ነው፤ ሰፋሪው ቢታመንም ቁናው የሌላ አገር ነው።

ሁለተኛው የቋንቋና የባለቤትነት ጉድለት ነው። የዚህ ሙያ ጽሑፎች የሚጻፉት ለዳኛና ለሊቅ፣ በእንግሊዝኛና በስፓንኛ ነው። ለዳኛ የሚበቃው የሞቱ ሰዎች ብዛት፣ የአገዳደላቸው ዓይነትና የገዳዩ ማንነት ነው። እናት ግን የምትሻው አንድ ስም ነው። ለደም ዕዳ ሠላሳ አጽም በአንድነት ሊመሰክር ይችላል፤ ለእርም ዕዳ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ካልታወቀ አይበቃም። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ከመቃብር የወጡ የራስ ቅሎችን፣ አጥንቶችንና ልብሶችን በመስተዋት ውስጥ ያሳያል። ጎብኝው ያያል፣ ያዝናል፣ ትምህርትም ይወስዳል። ሆኖም በመስተዋት ውስጥ ያለ አጥንት ለታሪክ ይመሰክራል እንጂ ተዝካር አይወጣለትም። ይህን ስንል ሙዚየሙን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሁለቱ ዕዳዎች የተለያዩ መሆናቸውን ለማሳየት ነው።

እዚህ ላይ ተቃራኒ አስተያየት እንደሚነሣ እናውቃለን። ከጠፉት የአርጀንቲና ልጆች እናቶች መካከል ከፊሎቹ የቁፋሮውን ሥራ ተቃውመዋል። ልጆቻችንን በሕይወት ወስዳችኋልና መጀመሪያ ገዳዮቹ ይቅረቡ፤ አጥንት ሰጥታችሁ ዝም ልታሰኙን ነው የሚል ነበር ክርክራቸው። ክርክሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ለቤተ ሰብ አጥንት መመለስ የፍርድ ምትክ የሆነ እንደ ሆነ በርግጥ ማታለያ ይሆናል። በኛ አገር ግን የሆነው ተገላቢጦሹ ነው። ፍርዱ ተሰጠ፤ ብዙ ቤተ ሰቦች ግን ልጆቻቸው ያረፉበትን ስፍራ ሳያውቁ ዐለፉ። ስለዚህ አንዱ ዕዳ ስለ ተከፈለ ሁለተኛው ተሰርዟል ማለት አይገባም።

አንዳንድ ሰው ደግሞ የቆየ ቁስል መቀስቀስ ምን ይጠቅማል? ይል ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። ስኖው በአይሮፕላን አደጋ ላይ የጻፈው ጥናት ሙታንን የቈጠረው ለሕያዋን መውጫ በር ለማሳየት ነው። አንድ መንግሥት የገደለው ሰው ከጊዜ በኋላም ቢሆን ተቈፍሮ፣ ተለክቶ፣ በስሙ ተጠርቶ እንደሚመሰክር የታወቀ እንደ ሆነ፣ የሚቀጥለው ገዳይ እጁን ባይሰበስብ እንኳ ይጠራጠራል። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

6. ማጠቃለያ

ክላይድ ስኖው በ2014 ሞተ። በኋለኛው ዘመኑም በኩርዶች አገር የተጨፈጨፉ ሰዎችን አጽም መርምሮ በ2006 በሳዳም ሁሴን ችሎት መስክሯል። ጽሑፎቹ ባንድ ላይ ሲታዩ ብዙ ገጽ አይሆኑም፤ በውስጣቸውም ዛሬ ሊታረም የሚገባው ክፍል አለ። በእኛ አስተያየት ትልቁ ሥራው በየትኛውም ጽሑፍ ውስጥ አይገኝም። ዕውቀቱን ይዞ ወደ አገሩ አለመመለሱ፣ ለአገሩ ወጣቶች አስረክቦ መሄዱ ነው። በአርጀንቲና የሆነው በቺሌና በጓቲማላም ተደገመ፤ በየአገሩ የራሱ ቡድን ቆመ።

በኢትዮጵያ የጎደለው ይኸው ነው። ቡድኑ መጣ፣ ቆፈረ፣ መሰከረ፣ ሄደ። ከሥራው የተረፈንን ዘዴ ወደ ራሳችን ልናስገባው ይገባል። ለዚህም ሦስት ነገር እናሳስባለን። የሕክምናና የአንትሮፖሎጂ ተማሪዎች በአንድነት የሚማሩበት የፎረንሲክ ትምህርት እንዲስፋፋ፤ የኢትዮጵያውያን የአጥንት ልኬት በየክፍለ ሀገሩ፣ ከደጋውም ከቆላውም፣ እንዲጠና፤ የቁፋሮና የምርመራ ውጤትም ቤተ ሰብ ሊያነበው በሚችል በአገር ቋንቋ እንዲጻፍ። ሦስቱም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም፤ ከብሩሽ፣ ከመለኪያና ከመዝገብ የበለጠ የሚጠይቁት ትዕግሥትን ነው።

በመግቢያችን ላይ አጥንት የሚመሰክረው በምንድን ነው ብለን ነበር። የሊቁ ዝና አላጸናውም፤ የአጥንቱ ዝምታም አላጸናውም። ያጸናው መለካቱ፣ መጻፉና ከሌላ ምስክር ጋር መስማማቱ ነው። ምስክርነቱም የሚፈጸመው ዳኛው ፋይሉን በዘጋ ጊዜ ሳይሆን ስሙ ለቤተ ሰቡ በተነገረ ጊዜ ነው።